በቦሌ የወጣው ሕሙም፣ በቦሌ የገባው መድኃኒት

የአዲስ አበባን የካንሰር ሕክምና ታሪክ የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይነሣል። የጨረር ሕክምና በዚህ አገር የተጀመረው እዚያ ስለሆነ አነሣሡ ትክክል ነው። የታሪኩ ሌላው ግማሽ ግን ያለው በከተማዋ ምሥራቅ፣ በቦሌ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ተዛውሮ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን የቦይንግ ጄቶች ካስገባ ወዲህ አውሮፓ የአንድ ቀን መንገድ ሆነች። አቅም ያለው ሕመምተኛም ውጭ ወጥቶ መታከምን ልማድ አደረገው። በመጀመሪያ ልማዱ የመኳንንትና የባለሥልጣን ነበር፤ በደርግ ዘመን የመውጫ ቪዛ በሚሰጠው መሥሪያ ቤት ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ነጋዴውም፣ መምህሩም፣ ቤቱን የሸጠ ጡረተኛም የሚሞክረው ሆነ። መድረሻውም ከአውሮፓ ከተሞች ወደ ዴልሂ፣ ወደ ሙምባይና ወደ ባንኮክ ዞረ።

የዚህ ልማድ ዋና ሰነድ የሜዲካል ቦርድ ወረቀት ነው። ሐኪሞች ተሰብስበው ታካሚውን ያያሉ፤ ሕክምናው በአገር ውስጥ እንደማይገኝ ይመሰክራሉ፤ ወረቀቱም የባንክን የውጭ ምንዛሪ መስኮት ያስከፍታል። ገንዘቡ ለሌለው ሰው ግን ያው ወረቀት ሌላ ሥራ ይሠራል። በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሚያልፍ ሁሉ ያውቀዋል። ፒክአፕ መኪና ላይ ትልቅ ባነር ይወጠራል፤ በባነሩ በአንድ በኩል የሕመምተኛው ፎቶ፣ ጤነኛ ሳለ የተነሣውና አሁን ያለበት ጎን ለጎን፣ በሌላው በኩል ማኅተም ያረፈበት የቦርዱ ወረቀት ጎልቶ ታትሞ፣ ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይታያል። በሞንታርቦ መዝሙር ይለቀቃል፤ ወጣቶች ሳጥን ይዘው በመኪኖች መሐል ይሄዳሉ። የሕዝባችን ደግነት ከሚታይባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ ነው፤ ሕክምናችን ምን እንደጎደለው የሚነበብበትም ይኸው ባነር ነው።

ዛሬ በዓለም የካንሰር ሕክምና ውስጥ ብዙ የሚነገርለት አንድ ነገር ጨረርንና ኢሚዩኖቴራፒን፣ ማለትም የሰውነትን የራሱን መከላከያ ቀስቅሶ ካንሰሩን እንዲወጋ የሚያደርገውን መድኃኒት፣ ማጣመር ነው። በተለይም ካንሰሩ ከተነሣበት ቦታ ወጥቶ በሰውነት ውስጥ ለተሠራጨበት ሰው ተስፋ ተደርጎ ይነገራል። እኔ የምለው፣ ለእኛ ይህ ከመድኃኒት ጥያቄነቱ በፊት የወረፋና የቅርበት ጥያቄ ነው። ሁለቱ ሕክምናዎች ወደ አዲስ አበባ የመጡት በሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው። ጨረሩ በመንግሥትና በዓለም አቀፍ ድርጅት በኩል፣ ለድኻውም ለሀብታሙም በአንድ ወረፋ መጣ፤ አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ደግሞ በግል አቅም፣ በቦሌ በር፣ ብዙ ጊዜም በዘመድ ሻንጣ መጡ። ሁለቱ በአንድ ሐኪም እጅ፣ በአንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ ካልተገናኙ ማጣመር የሚባል ነገር የለም።

የጨረሩን መንገድ እንመልከት። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በእ.ኤ.አ. 1957 ነው። የጨረር መከላከያ አዋጅ የወጣው ግን በእ.ኤ.አ. 1993 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ገደማ፣ በኤጀንሲው ድጋፍ በመጣ የኮባልት-60 ማሽን ነው። ኮባልት ለእኛ የሚስማማ ጠባይ ነበረው፤ ጨረሩ ከራሱ ከብረቱ ስለሚወጣ መብራት ሲቆራረጥ እንደ ዘመናዊዎቹ ማሽኖች አይበሳጭም። ሆኖም ብረቱ ያረጃል። በየ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ምንጩ አዲስ ሳለ ለምሳሌ 2 ደቂቃ ማሽኑ ሥር የሚተኛ ታካሚ፣ ያን ያህል ጊዜ ካለፈ በኋላ ያንኑ መጠን ለማግኘት 4 ደቂቃ መተኛት ይኖርበታል። በአንድ ቀን የሚታከመው ሰው ቁጥር ያንሳል፤ በር ላይ የሚጠብቀው ግን ይጨምራል። ምንጩ በጊዜው ካልተለወጠ ማሽኑ ሳይበላሽም ሕክምናው እየሞተ ይሄዳል ማለት ነው። ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ከ20 ዓመት በላይ የኖረችው በዚህ አንድ ማዕከል ነው። ከመተማም፣ ከሞያሌም፣ ከጅጅጋም የተነሣ ሕመምተኛ የሚመጣው ወደዚያው ነበር፤ ደርሶም ቀጠሮ ይዞ ይመለሳል፣ ወይም በዘመድ ቤትና በየበጎ አድራጊው መጠለያ ይጠብቃል።

ይህ ወረፋ ምን እንዳደረገ በግምት መናገር አያስፈልግም፤ ተለክቷል። በእ.ኤ.አ. 2008 እና 2012 መካከል በጥቁር አንበሳ የታከሙ 1,059 የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር ያለባቸው ሴቶችን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ከምርመራ እስከ ጨረር ድረስ ያለው መካከለኛ የጥበቃ ጊዜ 3.8 ወር ነበር። በምርመራው ቀን ከሴቶቹ 46.7 በመቶው ያሉት ገና በመካከለኛ ደረጃ፣ ጨረር ሊያድናቸው በሚችልበት ቦታ ነበር። ተራቸው ደርሶ ማሽኑ ሥር ሲተኙ በዚያ ደረጃ የቀሩት 19.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ሌሎቹ በጥበቃው ወራት ወደ ባሰ ደረጃ አለፉ። እነዚህ እንግዲህ ተራ የደረሳቸው ናቸው፤ ያልደረሳቸው በዚህ ቁጥር ውስጥ የሉም። የጡት ካንሰር ታካሚዎች ደግሞ ቀጠሯቸው ከዓመት የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። በአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ ከ2004 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ ሲሰበሰብ ከታማሚዎቹ ከሦስቱ ሁለቱ ገደማ ሴቶች መሆናቸው ታይቷል፤ በብዛት የሚገኙባቸውም እነዚሁ ሁለት ካንሰሮች ናቸው። ስለዚህ «የተሠራጨ ካንሰር» ስንል በሌላ አገር የበሽታው ጠባይ ብቻ የሆነውን ነገር፣ በእኛ ዘንድ በከፊል የአሠራራችን ውጤት አድርገን ማየት አለብን።

አሁን ወደ ሳይንሱ። ሞል የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ በእ.ኤ.አ. 1953 አንድ እንግዳ ነገር መዝግቦ ስም ሰጠው፤ አንድ እጢ በጨረር ሲመታ አልፎ አልፎ ጨረር ያልነካው ሌላ እጢም ይከስማል። ለብዙ ዓመታት ይህ እንደ ብርቅ ነገር ሲነገር ኖረ። ምሥጢሩ እየተገለጠ የመጣው የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ላይ የታሰረው ልጓም ከታወቀ በኋላ ነው። ለዚህ ግኝት ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በእ.ኤ.አ. 2018 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ጨረር የካንሰሩን ሕዋስ ሲሰብረው በውስጡ የተደበቀው ምልክት ይወጣል፤ የመከላከያ ሕዋሳት ያን ምልክት አይተው ጠላታቸውን ያውቃሉ፤ ኢሚዩኖቴራፒው ደግሞ ልጓሙን ይፈታላቸዋል። በእ.ኤ.አ. 2012 ከኒው ዮርክ የተዘገበ አንድ ታሪክ ሐሳቡን በሰፊው አሳወቀው። የቆዳ ካንሰሯ የተሠራጨባት ሴት ኢፒሊሙማብ የተባለውን መድኃኒት እየወሰደች በሽታው እየገፋ ሄደ፤ በአከርካሪዋ አጠገብ ያለው አንድ እጢ ለሕመም ማስታገሻ በሦስት ቀጠሮ ጨረር ተመታ፤ ከወራት በኋላ ጨረር ያልነካቸው በደረቷና በጣፊያዋ ያሉት እጢዎችም አነሱ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ መነሣትም አለበት። አንድ ታሪክ ማስረጃ አይሆንም። በእርግጥም ከዚያ ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ያን ያህል አልደገፉትም። በኔዘርላንድስ በተሠራጨ የሳንባ ካንሰር ላይ በተደረገና ውጤቱ በእ.ኤ.አ. 2019 በታተመ ጥናት፣ ፔምብሮሊዙማብ ከተባለው የኢሚዩኖቴራፒ መድኃኒት በፊት ጨረር ካገኙት 36 በመቶው፣ መድኃኒቱን ብቻ ካገኙት 18 በመቶው እጢያቸው ቀነሰ። ልዩነቱ ዓይን ይስባል፤ ግን አጥኚዎቹ አስቀድመው ያስቀመጡትን መለኪያ አላለፈም። በእ.ኤ.አ. 2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በተሠራጨ የራስና የአንገት ካንሰር ላይ አንድን እጢ በጨረር መምታት በኢሚዩኖቴራፒው ላይ ምንም እንዳልጨመረ አሳየ። ስለዚህ አንድ እጢ ተመትቶ ሌላው ሁሉ ይጠፋል ብሎ ለተሠራጨበት ሕመምተኛ ተስፋ መሸጥ ነውር ነው። ቤት አሽጦ ሰውን በቦሌ ማሳፈርም ከዚህ የሚለይ አይደለም።

ይሁን እንጂ ማጣመሩ በግልጽ የሠራበት ቦታ አለ፤ ያም ካንሰሩ ገና ሳይሠራጭ ነው። በአካባቢው በገፋ የሳንባ ካንሰር ከኬሞና ከጨረር ቀጥሎ ዱርቫሉማብ የተባለውን ኢሚዩኖቴራፒ መስጠት ዕድሜ እንደሚያረዝም ከእ.ኤ.አ. 2018 ጀምሮ ታውቋል። ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበን ግን በገፋ የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር ላይ የተደረገው ትልቅ ጥናት ነው። ኬሞና ጨረር ላይ ፔምብሮሊዙማብ የተጨመረላቸው ሴቶች ከ3 ዓመት በኋላ 82.6 በመቶው በሕይወት ነበሩ፤ ኬሞና ጨረር ብቻ ያገኙት 74.8 በመቶ። እነዚህ ሴቶች በሽታቸው የነበረበት ደረጃ በጥቁር አንበሳ ጥናት ወረፋ ሲጠብቁ ከእጃችን ካመለጡት ብዙዎቹ ጋር የሚቀራረብ ነው። ተቃውሞው እንግዲህ የእኔን ክርክር ይበልጥ ያጠናክረዋል፤ ማጣመር የሚጠቅመው ጨረሩ በጊዜ ሲደርስ ነው።

ጊዜ የሚለው ነገር ወደ ቦሌ ይመልሰናል። በዚያ የፔምብሮሊዙማብ ጥናት መድኃኒቱ ከጨረሩ ጋር እኩል ተጀምሮ በየ3 ሳምንቱ 5 ጊዜ፣ ከዚያ በየ6 ሳምንቱ 15 ጊዜ ይሰጣል። ይህ ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ነው። ውጭ ሄዶ የሚታከም ሰው ቢበዛ የመጀመሪያዎቹን ወራት እዚያ ይቆያል፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ወይም ቪዛው ሲያበቃ የሆስፒታሉን ማጠቃለያ ወረቀትና ጥቂት ብልቃጦች ይዞ በቦሌ ይመለሳል። ቀሪው ሕክምና የማን ነው? ጉዳቱ ደግሞ ከመድኃኒቱ መቋረጥ ያልፋል። የተፈታው ልጓም አንዳንዴ የገዛ አካልን ያስወጋል፤ አንጀት ይቆጣል፣ ሳንባ ይቆጣል፣ የእንቅርት እጢ ሥራውን ያቆማል፤ ይህም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሕመምተኛው ተቅማጥ ሲይዘው ገርጂ ወይም ሲኤምሲ አጠገቡ ወዳለው ክሊኒክ ይሄዳል፤ ክሊኒኩም እንደ ልማዱ የአሜባና የታይፎይድ መድኃኒት ያዝለታል። የሚያስፈልገው ግን በየፋርማሲው የሚገኘው ፕሬድኒሶሎን፣ በቶሎና በበቂ መጠን ነበር። በአገራችን በብዛት ያለው የሳንባ ነቀርሳም ተኝቶ ከነበረበት በዚህ ሕክምና ሊነሣ እንደሚችል ይታወቃል። እነዚህን ሁሉ የሚያስተውለው ታሪኩን የሚያውቅ፣ ማሽኑንም መድኃኒቱንም የሚመራ፣ አጠገብ ያለ ሐኪም ነው።

የቦሌን ሌላ ገጽ ሳላነሣ ብተወው ፍርዴ ጎደሎ ይሆናል። ቦሌ መላኪያ ብቻ ሆና አታውቅም። የአየር መንገዱ የጭነት ተርሚናል ቀዝቃዛ ክፍሎች አሉት፤ በየካቲት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የኮቪድ ክትባት የገባው በዚያ በር ነው፤ ለሌሎች አፍሪካ አገሮች የሚሄደውም በብዛት በዚያው አልፏል። ፔምብሮሊዙማብና መሰሎቹ የሚፈልጉት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ነው፤ ክትባት ስናጓጉዝ የለመድነው ማለት ነው። ጎደሎው ቅዝቃዜ ሳይሆን መንገዱ ነው። በመንግሥት ግዢ ያልገባ መድኃኒት በዘመድ ሻንጣ፣ በበረዶ ከረጢት ተጠቅልሎ ይገባል፤ የትኛው ቀን ከቅዝቃዜ እንደወጣ የሚመሰክርለት የለም፤ የሚሰጠውም አንዳንዴ ከጨረር ክፍሉ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ቤት ነው። በምሥራቁ የከተማችን ክፍል፣ በ1997 ዓ.ም. ገርጂ ላይ ከተከፈተው ኮሪያ ሆስፒታል ወዲህ፣ ጥሩ ሕክምና ሊሰጡ የሚችሉ የግል ተቋማት ብዙ ናቸው፤ የሚያገናኛቸው የጋራ መዝገብ ግን የለም። ጥቁር አንበሳ ያለች ሴት መዝገብ ቦሌ ካለው ሐኪሟ ጋር የሚደርሰው ራሷ በፌስታል ተሸክማው ስትሄድ ነው።

በዋጋ በኩል የሚነሣው ተቃውሞ ከሁሉም የሚከብድ ነው። የፔምብሮሊዙማብ አንድ ዙር በአሜሪካ የታሪፍ ዋጋው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ ይህ በብር ሲመነዘር ለመናገርም ይከብዳል። በዚህ ገንዘብ ስንት ሰው በጨረር ይታከም ነበር የሚለው ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ምርጫው የግድ ከሆነም ጨረሩ ይቀድማል። ግን ዋጋ ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም። የደም ካንሰር መድኃኒቱ ኢማቲኒብ በጊዜው ማንም ኢትዮጵያዊ ሠራተኛ የማይችለው ነበር፤ በአምራቹ የእርዳታ መርሐ ግብር በጥቁር አንበሳ ለሕሙማን በነጻ ተሰጠ፤ ብዙዎችም በሥራቸው ላይ ቀጥለው ኖሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በእ.ኤ.አ. 2025 ፔምብሮሊዙማብን ለተሠራጨ የማኅፀን በር ጫፍ፣ የአንጀትና የሳንባ ካንሰር በአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ አስፍሮታል፤ ዋናው የባለቤትነት መብቱም በአሜሪካ በእ.ኤ.አ. 2028 እንደሚያበቃ ይጠበቃል። ከሁሉ የሚያስተምረን ግን የሙምባዩ ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ነው። የእኛ ሰው ገንዘብ ለምኖ ወደዚያች ከተማ ይሄዳል፤ እዚያ ያሉት ሐኪሞች ደግሞ ለራሳቸው ድኾች ኒቮሉማብ የተባለውን ኢሚዩኖቴራፒ ከተለመደው መጠን ከአሥር አንድ እንኳ በማይሞላ፣ በ20 ሚሊግራም፣ በየ3 ሳምንቱ ሰጥተው ሞከሩት። በገፋ የራስና የአንገት ካንሰር ከዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከ16.3 ወደ 43.4 በመቶ ከፍ አሉ። ከሕንድ መቅዳት ያለብን የአልጋ ዋጋ ዝርዝር ሳይሆን ይህን ዓይነቱን ጥያቄ የመጠየቅ ድፍረት ነው።

መከላከል ይቅደም የሚሉም አሉ። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የተጀመረው፣ የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰርን የሚከላከለው የኤችፒቪ ክትባት ምናልባት በዚህ ዘርፍ ከተሠራው ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ነው፤ በእሱ አልከራከርም። ግን ዛሬ የ45 ዓመት ሴት ክትባቱ ሲመጣ የ14 ዓመት ልጅ አልነበረችም። በእ.ኤ.አ. 2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በኢትዮጵያ በዓመት ከ77 ሺህ በላይ ሰው በካንሰር ይያዛል፤ ከ51 ሺህ በላይ ይሞታል። የክትባቱ ፍሬ እስኪታይ ድረስ የሚታመሙት ሴቶችም ከእነዚህ መካከል ናቸው።

የጨረሩ ወረፋ ያለ ተስፋ አልቀረም። በ2008 ዓ.ም. ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ ወጣ፤ መንግሥት ለጥቁር አንበሳ፣ ለጅማ፣ ለጎንደር፣ ለሐዋሳ፣ ለመቀሌና ለሐሮማያ ሊኒያር አክስለሬተር የተባሉትን ዘመናዊ ማሽኖች ለመትከል ተነሣ። ጥቁር አንበሳ በ2012 ዓ.ም. ገደማ በአዲሱ ማሽን ማከም ጀመረ፤ ጅማና ሐሮማያ ተከተሉ፤ የመቀሌው በትግራዩ ጦርነት ተስተጓጎለ። በጥር 2014 ዓ.ም. የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው በአፍሪካ የጨረር ሕክምናን ለማስፋፋት ያቀደውን መርሐ ግብር ያስተዋወቀው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች አንድም የጨረር ማሽን አልነበራቸውም። የእኛ አዲሶቹ ማሽኖች ከኮባልቱ የበለጠ ትክክለኛ ናቸው፤ የማይቋረጥ መብራት፣ ማቀዝቀዣ፣ መለዋወጫና የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያ ግን ይጠይቃሉ። ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ወረፋው እንደገና ይረዝማል።

ስለዚህ ለጤና ሚኒስቴርና ለሆስፒታሎቹ የምለው ይህ ነው። ከማንኛውም ውድ መድኃኒት በፊት ከምርመራ እስከ ጨረር ያለውን ጊዜ በየወሩ ለክታችሁ ለሕዝብ አሳውቁ፤ ከዚያም ኢሚዩኖቴራፒው ሲገዛ የማኅፀን በር ጫፍ ካንሰር ካለባቸው ሴቶች ጀምሩ፤ ማሽኑ ባለበት ግቢ ውስጥ፣ በአንድ መዝገብ ስጡት። በቦሌ ላሉ የግል ሐኪሞችም፦ መድኃኒቱን በምትሰጡበት ቀን የጨረር ሐኪሙን ስልክ ደውላችሁ አናግሩ። በመንገድ ዳር ሳጥን ውስጥ ብር የምትጥሉ ወገኖችም ልግስናችሁን ሳታቋርጡ ይህን ጠይቁ፦ ይህች ሕመምተኛ ጨረር ያስፈለጋት መቼ ነበር፣ ቀጠሮስ የተሰጣት ለመቼ?